ማንጎሽን የቆረጥንለት ኔትወርክ

ውድ እህቴ ቬሮና፣

ወረቀት ሲደርስሽ እንደምትደነግጪ አውቃለሁ። እማማ በሕይወት አለች፤ መጀመሪያ እሱን ልንገርሽና ልብሽ ይረፍ። የምጽፍልሽ በስልክ ልነግርሽ ያልቻልኩት ነገር ስላለ ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤው ነበር፤ አልሆነልኝም።

ዘንድሮ ከዚያ ኔትወርክ ጋር ያየሁትን አሳር አንቺ የምታውቂው ከወዲያ በኩል ብቻ ነው። በእኛ በኩል ግማሽ ፊት ትሆኛለሽ፣ ድምፅሽ ይቆራረጣል፣ ከዚያ ጭራሽ ትጠፊያለሽ። ሐኪሙ የእማማ ዓይን እየጨለመ መሆኑን፣ የሄደው ብርሃንም እንደማይመለስ ከነገረን ወዲህ እሷ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትለው፦ "ማየት እስከቻልኩ ድረስ የልጄን ፊት ልየው።" በስልክ እንዳላሳያት፣ በዚያች ሚጢጢ መስታወት ላይ ምንም አይታያትም። ያለን አንቺ ከውጭ አገር በበርሜል አሽገሽ በመርከብ የላክሽው ኮምፒዩተር ነው።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? ያልሞከርኩት የለም። አጥፍቼ አበራሁት። ዋይፋዩን የሚረጨውን ሳጥን ከፍሪጅ ላይ አንስቼ መስኮቱ ላይ፣ ከመስኮቱ አንስቼ ቁም ሳጥኑ ላይ አወጣሁት። የጎረቤት ልጆች እየሰረቁን ነው ብዬ የይለፍ ቃሉን ቀየርኩ፤ ከዚያ እኔው ረሳሁትና ልጆቹ ሲስቁብኝ ዋሉ። ኮምፒዩተሩን ተሸክሜ በረንዳ አወጣሁት፤ እማማም በከዘራዋ እየተጎተተች ተከተለችኝ። አንዳንድ እሑድ ያለ ምንም ምክንያት ጥርት ብሎ ይመጣል። ተገላገልኩ ስል ዝናብ ይጥልና ይጠፋል።

በመጨረሻ ጣሪያችን ላይ የኔትወርኩን ሳህን የተከለውን ኦርቪልን አመጣሁት። ወጥቶ ወደ ኮረብታው፣ የኔትወርኩ ማማ ወዳለበት አየና ከዚያው ሆኖ ጠራኝ።

"ማስ ሊንቫል፣ ሳጥኑን ምን በወጣው ያሰቃዩታል? ጤነኛ ነው። ሳህኑና ማማው አይተያዩም።"

"ድሮ ይተያዩ አልነበር እንዴ?"

"ድሮ የግቢያችሁ ማንጎ አጭር ነበር። አሁን መሃል ገብቷል። ቅጠሉ ሲረጥብማ ጭራሽ አያሳልፍም። ይቁረጡትና በእኔ ይሁንብዎት።"

እማማ ከታች ሆና ሰማችው። "ኦርቪል፣ ከጣሪያዬ ውረድ" አለችው። የሳህኑን ምሰሶ ቢያስረዝመውም ከማንጎው በላይ አልደረሰም።

ማንጎው ያንቺ ነው። እትብትሽን ከሥሩ የቀበረችው በገዛ እጇ ነው። የእኔን ኮኮናት አውሎ ነፋስ ስለጣለው እስከ ዛሬ ትዳር ያልያዝኩት በዚያ ነው ትላለች፤ እኔ እስቃለሁ፣ እሷ አትስቅም። ያንቺን ግን በየማለዳው ወጥታ በመዳፏ ነካ ታደርገዋለች። "የመኖሪያ ወረቀቴ ሲስተካከል እመጣለሁ" ስትያት፣ ሰዉ ደግሞ "ያች ልጅ በዚያው ቀረች እኮ ሚስ ኢና" ሲላት፣ እሷ በመስኮት ወደ ማንጎው ታያለች። "ሥሯ እዚህ ነው፤ የት ትሄዳለች?" ትላለች። አንዲት ቅርንጫፍ እንኳ እንድመለምል አልፈቀደችልኝም።

ከዚያ ያ እሑድ መጣ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ የኦርቪልን ነገር ነገርኩሽ። ምስልሽ አልነበረም፤ ድምፅሽ ግን ለአፍታ ጥርት ብሎ ገባ።

"ለዚህ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ? ዛፍ አይደል? ቁረጡት እንጂ" ብለሽ ሳቅሽ።

መስመሩ ወዲያው ጠፋ። ክፋት እንዳልነበረብሽ አውቃለሁ፤ እናትሽን ለማየት ቸኩለሽ ነው። እማማ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

"ሰማህ አይደል? ባለቤቷ ናት ያለችው። ቁረጠው።"

"እማማ፣ ቆይ እስቲ ሌላ መላ እንፈልግ።"

"ቁረጠው አልኩህ።"

ቆረጥኩት። መጋዙ ሲጮህ ወጥታ አላየችም፤ ወጥ ቤት የበቆሎ ገንፎ ታማስል ነበር።

የሚቀጥለውን እሑድ አንቺም ታስታውሺዋለሽ። ከከንፈርሽ ጥግ ያለችው ጠባሳ ሳትቀር ታየች። አንቺ በደስታ አለቀስሽ። እማማ አፍንጫዋ መስታወቱን እስኪነካ ተጠግታ "ወፈር ብለሻል፤ አምሮብሻል፤ እግዚአብሔር ይጠብቅሽ" አለችሽ። ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብለሽ ዘጋሽው። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ወደ እኔ ዞረችና "አየኋት። ይበቃኛል" አለች።

"ምኑ ነው የሚበቃሽ? ከእንግዲህ በየእሑዱ ታያታለሽ እኮ።"

"ሊንቫል፣ እመለሳለሁ የሚል ሰው ዛፌን ቁረጡ ይላል? ቁርጤን ነው የነገረችኝ። ራሷም ሳታውቀው ነው የነገረችኝ፤ አልተቀየምኳትም። ግን ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጬ 'መቼ ትመጫለሽ' እያልኩ ልጄን ውሸታም አላደርጋትም።"

ለመንኳት። ተቆጣኋት። በፓስተሩ አስለመንኳት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ሌላ ማንጎ ልትከል ስላት "ከሥሩ ምን ልትቀብር?" አለችኝ። ዓይኗ ከዚያ ወዲህ በጣም ደክሟል፤ አሁን እኔን የምትለየኝ በድምፄ ነው። ማለዳ ማለዳ ትወጣና እጇን ወደ ለመደችበት ትዘረጋለች፤ ምንም አታገኝም፤ ትገባለች። ይህን እያየሁ ነው የምኖረው፣ ቬሮና፤ አንጀቴ አልቋል።

ነይ አልልሽም። ከወጣሽ ዳግመኛ እንደማያስገቡሽ አውቃለሁ፤ እንጀራሽም እዚያ ነው። ብትመጪም ፊትሽን የምታይበት ዓይን አይቆይሽም። ተስፋ ልሰጥሽ ፈልጌ ወረቀቱን ሦስቴ ቀደድኩት፤ ከየት ላምጣው?

ሰሞኑን በስልክ ስትደውዪ "ኔትወርኩ እንደገና ተበላሽቷል፤ እማማም ተኝታለች" ስልሽ ነበር። "ተበላሽቷል በላት" ያለችኝ እሷ ናት። አልተኛችም፤ አጠገቤ ተቀምጣ ድምፅሽን ትሰማ ነበር። "ኦርቪልን ጥራውና ያየው" ብለሽኛል። ኦርቪል ምኑን ያያል? ኔትወርኩ ደህና ነው፤ ዝናብም ቢጥል አይጠፋም።

የፊታችን እሑድ ስትደውዪ ያንኑ ውሸት እነግርሻለሁ፤ አጠገቤ ትሆናለችና። እባክሽ ያመንሽኝ ምሰዪላት።

ወንድምሽ
ሊንቫል