መሃል ላይ ያለችው ነጥብ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ከጀሞ ታክሲ ለመያዝ ዛሬም ግፊያ። ጫማዬ ተረግጦ፣ ላብ በላብ ሆኜ በስልክ ብር የሚያስተላልፈው ድርጅታችን ላፍቶ ቢሮ ደረስኩ።

ባልደረቦቼ እነ ጀማሉዲን በማውስ ይሠራሉ፣ እኔ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ትእዛዝ እተይባለሁ። የኛ ዳታቤዝ ሰንጠረዥ የለውም። ሰው ነጥብ ነው፣ ስልክ ነጥብ ነው፣ የሚያገናኛቸው ደግሞ መስመር። ጥያቄ ስጽፍለት ግን መልሱ እንደ ጎርፍ የሚወርድ ጽሑፍ... ማን ያነበዋል? ዛሬ መልሱን በቀጥታ ወደ ስዕል የምትቀይር ኮማንድ አገኘሁ። ኢንተር ስል ስዕሉ ዱብ! ጀማሉዲን አየና፣ "ቤዚ፣ ሠዓሊ ሆንሽ በቃ" አለኝ። ደስ ብሎኝ ዋለ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

አለቃችን በፍቃዱ ጠራኝ። "ሽልማት ደርሶዎታል" እያለ የደንበኞቻችንን ብር የሚበላ አንድ ስልክ አለ። "ከዚህ ቁጥር ጋር የተያያዘውን ሁሉ ሳዪልኝ። አርብ ለፖሊስ እንሰጣለን።"

ሳልኩ። አንዲት ሰው መሃል ላይ፣ ዙሪያዋን ስልክ በስልክ። ያ ቁጥርም ሌሎቹም በእሷ መታወቂያ የወጡ ናቸው። ጀማሉዲን "ሸረሪቷ ተያዘች!" ብሎ አጨበጨበ። እኔም ሳቅኩ፤ ስዕሉን ለበፍቃዱ ላክሁለት። ስዕሉ ላይ በሰው ስም ፈንታ የሚወጣው ኮድ ብቻ ነው። ስሟን ለማየት ሌላ ጥያቄ ጻፍኩ...

በቀለች። ከነአያቷ ስም። እማዬ ናት።

ስክሪኑን ዘጋሁት። "ምነው?" አለኝ ጀማሉዲን። "ራሴን አመመኝ።" አልዋሸሁም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ እኮ። ከሆሳዕና ለሥራ የሚመጡ ልጆች ቸርች ይመጣሉ። የከተማ መታወቂያ የላቸውም። እማዬ እጃቸውን ይዛ ሱቅ ትወስዳቸውና በራሷ ስም ሲም ታወጣላቸዋለች። "እናቶቻቸው ድምፃቸውን ሳይሰሙ ይደሩ?" ትላለች። አንድ ቀን "ተይ" ብያት አላውቅም። የኔም ስልክ በእሷ ስም ነው። ከነጥቦቹ አንዷ እኔ ነኝ!

ጥያቄው ላይ አንዲት ቃል ብጨምር እማዬ ከስዕሉ ትጠፋለች። ሞከርኩት። ጠፋች። ነጥቦቹ ተበታተኑ። በፍቃዱ ግን የመጀመሪያውን አይቶታል... መለስኳት።

እራት ላይ፣ "ምግብ ፊትሽ አስቀምጠሽ ምን ያፈዝሻል?" አለችኝ እማዬ።

"ምንም።"

"ጌታ ይርዳሽ ልጄ።"

ማንን ይርዳ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ምን ዓይነት ደደብ ነኝ! መስመሮቹን ሁሉ በአንድ ጥቁር ቀለም ነው የሳልኳቸው። ሲም ያወጣም ብር የተቀበለም አንድ መሰለ። ኮማንዱን አስተካከልኩ። ሲም ማውጣት ሰማያዊ፣ ብር መላክ ቀይ። ከእማዬ የሚወጣው ሰማያዊ ብቻ። ቀዩ በሙሉ ያ ቁጥር ላይ ተሰበሰበ፤ ከእሱ ወደ እሷ የሚሄድ ምንም የለም። ቁጥሩ በማን እጅ ነው? ዳታቤዙ አያውቅም። እማዬ ታውቃለች።

ስዕሉን ፕሪንት አድርጌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ከቢሮ ማውጣት ክልክል ነው። በር ላይ ጥበቃው ፈትሾኝ ወረቀቱን ሳያገኝ አሳለፈኝ።

እማዬ ልጆቹን ሁሉ ስልኳ ላይ በየስማቸው መዝግባቸዋለች። ቁጥሮቹን እያስተያየች በጣቷ ነካች። "ይቺ ሌንሳ ናት። ይቺ ሀና፣ አገባች እኮ። ይቺ አንቺ..." ቀዩ የሚገባበት ቁጥር ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

"የማን ነው እማዬ?"

"የኤልያቄም... ሁለተኛ ስልክ ለሥራ ያስፈልገኛል ብሎኝ።"

ኤልያቄም! የአክስቴ ልጅ። እኛ ቤት ያደገ። እሁድ እሁድ መዝሙር የሚመራው። ደወለችለት፣ ዝግ ነው። ሀና ማርያም ሰፈር የተከራየበት ቤት ሄድን። በሩ ከውጭ ተቆልፏል።

"የእህቴን ልጅ በእጄ ላሳስር?" አለችኝ መንገድ ላይ ቆማ።

አርብ፣ ጥቅምት 7

"አብሬሽ ቢሮ እሄዳለሁ" አለች እማዬ ጠዋት። የእሁድ ቀሚሷን ለብሳለች። ታክሲ ተሳፈርን። እሷን ቢያስሩስ? እኔን ቢያባርሩስ? ይህን ሳስብ ደረስን።

በፍቃዱ ጥቁሩን ስዕል ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ይጠብቃል። "እሳቸው ማን ናቸው?" አለኝ።

እማዬ ቀደመችኝ። "ይቺ መሃል ላይ ያለችው ነጥብ እኔ ነኝ ልጄ።"

ተነስቶ ወንበር ሰጣት። ጀማሉዲን መሬት መሬት አየ። እኔ ባለቀለሙን ስዕል አወጣሁ፤ የኤልያቄምን ስም ግን እሷው ተናገረች። ድምጿ ንቅንቅ አላለም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ወረቀት በማውጣቴ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። አላባረሩኝም።

እሁድ፣ ጥቅምት 16

ኤልያቄም ተይዟል። አክስቴ ቸርች ውስጥ እማዬን አይታ ፊቷን አዞረች። እማዬ ቃል ለመስጠት ፖሊስ ጣቢያ ትመላለሳለች። ፖሊሶቹ ምርመራውን አልጨረሱም። በር በተንኳኳ ቁጥር እደነግጣለሁ።

ዛሬ ከቸርች ስንወጣ አንዲት ልጅ ሻንጣዋን እንደያዘች ወደ እማዬ ቀረበች። ትናንት ነው ከሆሳዕና የመጣችው። "እትዬ፣ ሲም ያወጡልሻል ብለውኝ ነው።"

የእማዬ እጅ መታወቂያዋ ወዳለበት ቦርሳ ሄደ... እዚያው ቀረ።

"መጀመሪያ የራስሽን መታወቂያ አውጪ ልጄ።"

እማዬ እንዲህ ስትል ሰምቼ አላውቅም። የልጅቷን ዓይን ማየት አቃታት። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። "እናቴ መድረሴን አላወቀችም።"

ስልኬን ሰጠኋት። "በዚህ ደውዪላት።" ቁጥሩን በቃሏ ነካካች። ማን ናት? ወዴት ነው የምትደውለው? ከኔ ነጥብ ወደማላውቀው ቁጥር አንዲት መስመር ስትሳብ ታየችኝ። ፈራሁ። ስልኩን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ...

"እማ፣ ደርሻለሁ" አለች።

እጄን መልሼ እስክትጨርስ ጠበቅኳት።