ፓምፑን አንተ አልገደልከውም

ይድረስ ለወንድሜ ለበሱፍቃድ፤

እንዴት ነህ በሱ? ጎንህስ? ኩላሊትህ አሁንም ይቀሰቅስሃል ወይስ እዚያ ተወህ? እንቅልፍ ይወስድሃል? ያለህበት አይበርድም? እዚህ ኅዳር ገብቶ ጠዋት ጠዋት ብርዱ አጥንት ይቆረጥማል። እኛን ብትጠይቅ ደህና ነን ብዬ አልዋሽህም። የሰጡንን እንበላለን፣ ሲመሽ እንተኛለን፣ ሰው ሲገባ ከመቀመጫችን እንነሳለን። ደክሞናል።

የጻፍኩልህ ስለ መኪናው ነው። ሚኒባስህ አልተሸጠም። የናፍጣ ፓምፑም ደህና ነው። ከሁሉ ቀድመህ መስማት የነበረብህ አንተ ነበርክ፤ ዘግይቼብህ ከሆነ ጉልበት አጥቼ ነው።

ካረፍክ በኋላ አጎታችን ጋሽ ነጋ ገዢ ማፈላለግ ጀመረ። መኪናው ዳገት እምቢ ማለቱን አንተም ታውቃለህ፤ ፒያሳ ላይ ተሳፋሪው «ሹፌር፣ ወርደን እንግፋልህ?» እያለ ሲቀልድብህ ከርሟል። መካኒኩ ሚደቅሳ የመኪናውን ኮምፒዩተር የሚያነብበትን ስካነር ሰክቶ ቢያየው የብልሽት ኮድ የለም፤ የናፍጣው ሙቀት ግን ሰማንያ ስድስት ዲግሪ ይላል። «ፓምፑ ውስጡ ተበልቷል፣ ናፍጣውን የሚያግለው እሱ ነው» አለን። ሦስት ጠዋት መጣ፣ ሦስቱንም ጠዋት ቁጥሩ ያው ነው። አዲስ ፓምፕ ደግሞ በእኛ አቅም የሚታሰብ አይደለም።

በአርባህ ዕለት ጋሽ ነጋ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት «ነፍሱን ይማረውና፣ ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣ እየቀዳ ፓምፑን የገደለው ራሱ ነው» አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ እማዬ ስላንተ ልታወራ አፏን በከፈተች ቁጥር «ልጄ ግዴለሽ አልነበረም» ብላ ነው የምትጀምረው፤ ማንም ሳይጠይቃት። እኔም፣ በሱ፣ ጋሽ ነጋ ያለውን አምኜ ነበር። ይቅር በለኝ። ገዢው እሑድ እንዲመጣ ተቀጠረ።

የዚያኑ ሳምንት ማክሰኞ የፊዚክስ አስተማሪያችን አብረው ያደሩ ነገሮች ሙቀታቸው እኩል ይሆናል አሉ፤ ውሃውም፣ ብረቱም፣ አየሩም። ከጠዋት ጀምሮ እያንቀላፋሁ ነበር፣ ያን ስሰማ ግን ነቃሁ። ሞተሩ አድሮ ከቀዘቀዘ ናፍጣውም መቀዝቀዝ አለበት። ቀዝቅዞ ያየው ሰው ግን የለም። ጎረቤታችን ጋሽ ደጉ ለቅሶ ከተቀመጥንበት ቀን ጀምሮ ከልደታ ማርያም ኪዳን አድርሰው ሲመለሱ ባትሪው እንዳይሞት ብለው መኪናህን አስነስተው ያሞቁት ነበር። ሌላው ንፍሮ ይዞ ሲመጣ የእሳቸው ማስተዛዘኛ ይኸው ነበር። ሚደቅሳ ሁልጊዜ የሚደርሰው ከእሳቸው በኋላ ነው። በትኩስ ሞተር ላይ የተነበበ ቁጥር ውሸት ይሆናል ብሎ ማን ይጠርጥር?

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሽ ደጉ ጋ ሄጄ «ጋሼ፣ ነገ እባክዎ አያስነሱት» አልኳቸው። «አንተ ልጅ፣ ወንድምህን መቅበራችን ሳያንስ ባትሪውንም ልታስቀብረን ነው?» ብለው ተቆጡ፤ ቁልፉን ግን ሰጡኝ። ሚደቅሳም «እሺ ፕሮፌሰር፣ ስካነሬን ብትሰብረው አንተን ፈታትቼ ነው በመለዋወጫ የምቸረችርህ» እያለ አዋሰኝ።

ጥፋቱ የናፍጣውን ሙቀት የምትለካው ሴንሰር ነበረች። ከአውራ ጣት አትበልጥም። ናፍጣው ቀዘቀዘም ጋለም ያንኑ አንድ ቁጥር ስለምትናገር፣ የመኪናው ኮምፒዩተር ናፍጣው ግሏል ብሎ ከሞተሩ ጉልበት ይቀንስ ነበር። አሁን ተቀይራለች። ሚደቅሳ የፒያሳን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ወጥቶት መጣ፤ ሲመለስ ግን ዓይኔን ማየት አፍሮ ጎማ ጎማውን ያይ ነበር። ጋሽ ነጋ ገዢውን መለሰው። ይቅርታ የሚል ቃል አልወጣውም፤ ለእማዬ ደውሎ ግን ብዙ አወራት።

እማዬ ትስምሃለች። አክስታችን እትዬ እንዳለች ጠበል ይዛት ሄዳለች፤ እኔ ፈተና ስላለብኝ ቀረሁ። ስለ ፓምፑ በስልክ ስነግራት «እስቲ ድገመው» አለችኝ። ሁለቴ ደገምኩላት። እትዬ እንዳለችም ሰላም ብላሃለች። ጋሽ ደጉ ሰላም ይሉሃል፣ ስለ ባትሪው አሁንም ያኮርፉኛል። ሚደቅሳ ሰላም ይልሃል። ጋሽ ነጋ ባይልም እኔ በእሱ ስም ብዬልሃለሁ።

ያን ዓርብ ጠዋት ግን ለማንም አልተረኩትም። እማዬ ሐሙስ ነበር የሄደችው። አንተ ካረፍክ ጀምሮ ወለሉ ላይ ዘመድ ሳይተኛ ያደረበት ቀን አልነበረም፤ ያን ዕለት የሚያስልም የሚያዛጋም ሰው ሳይኖር ብቻዬን ነቃሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ሻይም ሳላፈላ ወጣሁ። ስካነሩን ሰካሁና ሞተሩን ሳላስነሳ ቁልፉን ብቻ ከፈትኩ። የሞተሩ ውሃ አሥራ አንድ ዲግሪ። አየሩ አሥር። ናፍጣው ሰማንያ ስድስት። ኮፈኑን ከፍቼ ፓምፑን በእጄ ነካሁት፤ በረዶ ነው። የሴንሰሯን ሶኬት ነቀልኩ፣ ቁጥሩ ከዜሮ በታች አርባ ወረደ፤ ሽቦው ጤነኛ ነው ማለት ነው። መልሼ ሰካሁት፣ ሰማንያ ስድስት። «በሱ!» ብዬ ወደ ቤት ተጣራሁ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ያስታወስኩት። ከዚያ ሦስቱን ቁጥሮች በእስክሪብቶ መዳፌ ላይ ጻፍኳቸው፣ መኪናውን ቆለፍኩ፣ ገብቼ ፊቴን በአንድ እጄ ታጠብኩና ዩኒፎርሜን ለብሼ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ወንድምህ ክርስቲያን
ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.