በኮከቦቹ ሰሌዳ ላይ ስለተለጠፉት ሙታኖቻችን

ለክቡር የአውራጃው የአውሮፓ ፕሮጀክቶች ቢሮ ዳይሬክተር፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ጤና፣ እንዲሁም ለሚጓዙባት ጥቁር መኪና ደኅንነት ያለኝን የከበረ ምኞት አቀርባለሁ። መኪናዋ ባለፈው ጊዜ ወንዛችን ዳር ደርሳ፣ ጎማዋን ጭቃ እንዳይነካው ተጠንቅቃ ስትመለስ ተመልክተን፣ መንግሥት ንብረቱን እንዴት እንደሚንከባከብ ተረድተናል፤ ተደስተናልም።

እኔ ስታንካ ኬሬዚዬቫ፣ የጎርኖ ብሮዶቮ መንደር ንባብ ቤት ኃላፊ ነኝ። በመንደራችን የሚሠራ ማተሚያ ያለው በንባብ ቤቱ ብቻ ስለሆነ፣ ሰው ሲሞት ፎቶግራፉን አስገብቼ የሐዘን ማስታወቂያውን የማትመው እኔ ነኝ። ስለዚህ ቢሮዎ «ያልታወቁ ግለሰቦች» ብሎ የጻፈው ስለ እኔ መሆኑን፣ ፍለጋው እንዳያደክማችሁ ብዬ በትሕትና አሳውቃለሁ። ቢሮዎ በወንዙ ዳር የቆመው፣ የአውሮፓ ኅብረት ኮከቦች የተሣሉበት የፕሮጀክት ሰሌዳ በሙታን ማስታወቂያ በመሸፈኑ ወረቀቶቹን በአስቸኳይ እንድናነሳ አዝዞናል። ትእዛዙን ከመፈጸሜ በፊት ጥቂት ነጥቦችን በቁጥር አስቀምጣለሁ፤ በቢሮዎ ቁጥር የሌለው ነገር አይነበብም ሲሉ ሰምቻለሁና።

አንደኛ፤ ስለ ቦታው። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ማስታወቂያው በበሩ፣ በዛፉና በአውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ይለጠፋል፤ በአርባው፣ በመንፈቁና በሙት ዓመቱ ደግሞ ይታደሳል። ይህን ክቡርነትዎ አያጡትም፤ የእርስዎም ነፍሳቸውን ይማርና አባትዎ በአውራጃው ከተማ ምሰሶዎች ላይ ለዓመታት ፈገግ ብለው ሲያዩን ኖረዋል። የእኛ መንደር ዋነኛ መለጠፊያ የድልድዩ መደገፊያ እንጨት ነበር፤ የማዶ ሰፈርም የወዲህ ሰፈርም ሰው ሁሉ በዚያ ያልፍ ነበርና። ባለፈው የፀደይ ጎርፍ የቡይና ወንዝ ድልድዩን ከነማስታወቂያዎቹ ወሰደው። ቢሮዎ በዚያው ቦታ ላይ ሰሌዳ ተከለ። ሰዉም እግሩ እንደለመደው ወደዚያ ሄደ፣ እጁም እንደለመደው ለጠፈ። ሰሌዳው ከድልድዩ እንጨት እጅግ የሰፋ በመሆኑ ሙታኖቻችን ሳይጨናነቁ ቦታ አግኝተዋልና እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፤ ስለ ሰገነቱ። ከጎርፉ በኋላ ሌሎቹ የአውሮፓ ሕዝቦች አዝነውልን፣ ከግብራቸው ቆርሰው የመተጋገዣ ገንዘብ ላኩልን። ቢሮዎም በዚያ ገንዘብ በወንዙ ዳር የመመልከቻ ሰገነት አሠራልን፤ አግዳሚ ወንበር፣ የኤሌክትሪክ ብስክሌት መሙያና እስኪነጋ የሚበራ መብራት ያለው ነው። ከዚህ ሰገነት ላይ ድልድዩ የነበረበት ቦታ እጅግ ባማረ ሁኔታ ይታያል። ሰሌዳው «የሁለቱን ዳርቻዎች ግንኙነት መልሶ ማቋቋም፤ ተጠናቋል» ይላል። ይህ እንዴት ነው ብለን ብንጠይቅ፣ የቢሮዎ መሐንዲስ ነገሩ የእይታ ግንኙነት መሆኑን፣ የእግሩ ግንኙነት በሚቀጥለው ምዕራፍ እንደሚታሰብ በትዕግሥት አስረዱን። ዳቦውን ወንዙን በተሻገረ ገመድ በቅርጫት የምንልክለት የማዶ ሰፈሩ ፔንቾ ይህን ሲሰማ ከወዲያኛው ዳር ሆኖ፣ «እንግዲያው ዳቦውንም ከዚያው አሳዩኝ! በዓይኔ እጠግባለሁ!» ሲል ጮኸብን። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይባላል፤ እኛ ግን በቢሮዎ ቸርነት ላሟን ቁጭ ብለን የምናይበት ወንበር አላጣንም።

ሦስተኛ፤ ስለ ድልድዩ የሐዘን ማስታወቂያ። ይህን ጥፋት አልክድም። ድልድዩ በሄደ በአርባኛው ቀን የመጠጥ ቤቱ ሰዎች ንባብ ቤት መጥተው፣ «ስታንካ፣ አንድ ሟች አለችን፣ እባክሽ አትሚልን» አሉኝ።

«ማን ናት?»

«ድልድያችን ናታ። አርባዋን ዝም ብለን እናሳልፈው?»

የድልድዩ ፎቶግራፍ ደግሞ በመንደሩ አልነበረም፤ የተገኘው የፔንቾ እናት እማማ ዝላትካ ሙሽራ ሳሉ ድልድዩ ላይ ቆመው የተነሱት ብቻ ነው። እሳቸው ፎቶውን በገመድ በምንልከው የዳቦ ቅርጫት ሰደዱልኝና፣ «እኔን ቁረጪኝና ድልድዩን አስቀሪው። የኔ ጊዜ ገና ነው» ሲሉ ላኩብኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ። ቢሮዎ ይህን ማስታወቂያ ባየ ጊዜ፣ በመዝገብ ላይ በጥሩ ሁኔታ እንደሚገኝ የተጻፈን የሕዝብ ንብረት ሞቷል ብሎ ማወጅ ሐሰተኛ ወሬ መንዛት መሆኑን ገልጾልናል። ተግሣጹን ተቀብለናል። አስከሬኑን እኛም ስላላገኘነው በሕይወት ሊኖር ይችላል፤ ቢሮዎ የሚኖርበትን አድራሻ ቢልክልን ሄደን እንጠይቀዋለን።

አራተኛው ነጥብ ይረዝማል፤ ይቅርታዎን።

በመኸር ወራት እማማ ዝላትካን ደረታቸውን ያዛቸው። ሰንብቶ የጣለው ዝናብ ወንዙን ሞልቶት ነበር። አምቡላንሱ ሳይዘገይ መጥቶ ሰሌዳው ሥር ቆመ። ሐኪሟ መሣሪያዋን ይዛ ሰገነቱ ላይ ወጣች፤ ከዚያም የእማማ ዝላትካን ቤት፣ የተከፈተውን በርና በሩ ላይ ቆሞ እጁን የሚያወዛውዘውን ፔንቾን አየች። ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። «መንገዱ በየት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። በጫካው ዙሪያ ነው፤ ለትራክተር እንጂ ለአምቡላንስ አይሆንም አልኳት። ፔንቾ እናቱን ትራክተሩ ላይ አስተኝቶ በጫካው መንገድ ሲዞር ከመንገዱ አጋማሽ ላይ ጭቃ ያዘው፤ እማማ ዝላትካም እዚያው፣ ልጃቸው ጎማውን በእጁ ሲቆፍር አረፉ። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ የምለው ቀልድ የለኝም። ያን ቀን ተናድጄ ነበር፤ ይህን ስጽፍልዎም እንደተናደድሁ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑና መቃብሩ የሚገኙት በወዲህ በኩል ነው። የጫካው መንገድ ትራክተሩን እንደያዘ ስለቀረ፣ ወንዙ እስከ ወገብ ሲጎድል ሬሳ ሣጥኑን በውኃው ውስጥ ለማሻገር ተስማማን። በመንደራችን የቀረነው አብዛኞቻችን ሽማግሌዎች ነን፤ ጎበዞቻችን እነዚያ ግብር ከፋዮች አገር ሄደው ግብር እየከፈሉ ነው። ፔንቾ ተሸካሚ ፍለጋ ተሻግሮ ሲመጣ፣ አንድ ረጅም ሽማግሌ ከብስክሌቱ ወርዶ ሰሌዳውን ፎቶ ሲያነሳ አገኘው። «ከብራስልስ ነህ? ተቆጣጣሪ ነህ?» ብሎ ጠየቀው። ሰውየው ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቀነቀ። በእኛ ዘንድ ይህ አዎን ማለት እንደሆነ ክቡርነትዎ ያውቃሉ፤ ሰውየው ግን «አይደለሁም» ማለቱ እንደነበር የገባን ከቀብር በኋላ ነው።

ፔንቾ እጅጌውን ያዘና፣ «እንኳን መጣህ ጌታዬ። ከመጣህ ዘንድ ቆመህ አትይ፤ ለሬሳ ሣጥኑ አንድ ማዕዘን ተሸካሚ ጎድሎናል» አለው። ተቆጣጣሪያችን ቃሉ ባይገባውም የፔንቾን ፊት አየ፤ ከዚያም ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ ውኃው ውስጥ ገባ፤ እማማ ዝላትካንም ከእኛ ጋር ተሸክሞ አሻገረ።

ከቀብር መልስ ንፍሮውን በሳህን ሰጥተን፣ ቅሬታችንን ሁሉ በየተራ አፈሰስንበት። እሱ ስልኩን አውጥቶ በስልኩ እያስተረጎመ፣ ዊበ እንደሚባል፣ በሆላንድ ፖስታ ሲያድል ኖሮ ጡረታ እንደወጣ ነገረን። «ይህን ሰሌዳ በሄድኩበት ሁሉ ሳየው፣ ከኔም ትንሽ አለበት እያልኩ ደስ ይለኛል። የቆምኩት ለዚያ ነው» አለ። ቀጥሎም፣ «የሰጠሁትን መልሱልኝ አልልም። ድልድዩን አሳዩኝ ነው የምለው» አለ። የምናሳየው ስላልነበረን ሰገነቱን አሳየነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ የአውሮፓ መተጋገዝ የሚባለውን ነገር በሰሌዳው ላይ በትልልቅ ፊደል ስናነበው ከርመን፣ እርጥብ ሱሪ ለብሶ አጠገባችን ሲቀመጥ ያየነው ግን ያን ቀን ብቻ ነው። ክቡርነትዎን ያልጠየቅነው ጥያቄ ካለ እሱ የጠየቀው ነው፤ መልሱን ለእሱ ይላኩለት፣ እኛም በእሱ በኩል እንሰማዋለን።

ለማጠቃለል ያህል፣ በማዶ ሰፈር ዛሬም ከቤታቸው በሚወጣው ጭስ ብቻ ደኅንነታቸውን የምናውቅላቸው ጎረቤቶች አሉን፤ በረዶው ከመውረዱ በፊት በእግር የሚያሻግር ድልድይ እንዲሠራ እንለምናለን። የሚያምር ባይሆንም፣ መብራት ባይኖረውም፣ ምረቃ ባይደረግለትም ቅር አይለንም።

ለሰጡን ሰገነት፣ ለወንበሩ፣ ከሁሉም በላይ ለሰሌዳው ስፋት ያለኝን ምስጋና ደግሜ እያቀረብኩ፣ የሚመለከቱት ሁሉ የሚታይዎት፣ የሚታይዎትም ሁሉ የሚደርሱበት እንዲሆን እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ስታንካ ኬሬዚዬቫ
የጎርኖ ብሮዶቮ ንባብ ቤት ኃላፊና የሙታን አታሚ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በትእዛዝዎ መሠረት ቤተሰቦችን አስፈቅጄ ማስታወቂያዎቹን በእጄ አንስቻለሁ፤ የድልድዩንም ጨምሮ። ከአንዷ በስተቀር ኮከቦቹ ሁሉ አሁን ይታያሉ። በአንዷ ላይ፣ ከድልድዩ ፎቶግራፍ ቆርጬ ያስቀረኋቸው እማማ ዝላትካ በሙሽራ ልብሳቸው ቆመዋል፤ አርባቸው ገና አልወጣም። እንደሚያውቁት የሐዘን ማስታወቂያ ያለ ቤተሰብ ፈቃድ ማንሳት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። የቀረው ቤተሰብ ፔንቾ ሲሆን ቤቱ ማዶ ነው፤ ከሰገነቱ ላይ በደንብ ይታያል። ክቡርነትዎ ፈቃዱን ሊጠይቁ ሲሄዱ፣ ግንኙነቱ ተጠናቋልና ጫማዎን ማውለቅ አያስፈልግዎትም።