ከሀና ማርያም ጭቃ ወደ ድሬ ሙቀት

ተሾምዬ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸን ይኸው ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ ነው። እኔና ልጅህ ህሊና አለን። አለን ስልህ በእግራችን ቆመናል ማለቴ ነው እንጂ ደህና ነን ብዬ ልዋሽህ አልፈልግም። ዛሬ የምጽፍልህ ላለቅስልህ አይደለም። ሰፈሩ አስጠልቶኛል። ሰዉ አንገሽግሾኛል። ለማን እንደምነግረው ስለጠፋኝ ላንተ እነግርሃለሁ።

ከጅቡቲ ስትመለስ ድሬ አድረህ በመጣህ ቁጥር የምንከራከረውን ታስታውሳለህ? የከባድ መኪናህን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ወርውረህ፣ ብርቱካኑን ከነማዳበሪያው ወለሉ ላይ ታስቀምጥና፣ “ሰናይት፣ እዚያ አገር ሰው በሩን አይዘጋም፤ ክረምቱም ክረምት አይደለም፤ ጠቅልለን እንሂድ” ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ፣ “ሙቀቱ ቀቅሎ ይገድለኛል፤ የአዲስ አበባን ብርድ በጋቢ እችለዋለሁ” እልሃለሁ። አንተ ትስቃለህ። ሁሌም እኔ አሸንፌ እንቀራለን።

ከኛ በላይ ካለው ግቢ የሚኖሩት ጋሽ ወርቁ ትዝ ይሉሃል። በለቅሶህ “ወንድሜን! ወንድሜን!” እያሉ ከሁሉም አብልጠው የጮኹት እሳቸው ነበሩ። አንተ በተቀበርክ ማግስት በገባው ክረምት፣ ከባድ ዝናብ ሲጥል ጠብቀው የሽንት ቤታቸውን ጉድጓድ በቱቦ ወደ ቦዩ መልቀቅ ጀመሩ። ማስመጠጫ መኪና ከመጥራት ጎርፍ ይውሰደው ነው ነገሩ። ጎርፉ ደግሞ የሚያልፈው በኛ በር ነው። አንተ እያለህ አይደፍሩም ነበር። ዝናብ ገና ሲያካፋ ቦት ጫማህን አጥልቀህ ቦዩን ልትጠርግ እንደምትወጣ ያውቁ ነበራ።

ዘንድሮ ባሰ። ሰኔ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት ውሃው በበሩ ስር ሾልኮ ገባና በረንዳው ላይ ተኛ። የህሊና የትምህርት ቤት ጫማ ተንሳፍፎ አገኘሁት። ውስጡ የነበረውን አልነግርህም። በእንጨት አንስቼ ጣልኩት። እጄን በበረኪና ደጋግሜ ብታጠብም ያን ቀን እህል ወደ አፌ ማድረስ አቃተኝ። በነጋታው እሁድ ነበር። ጋሽ ወርቁ ነጭ በነጭ ለብሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በራችን ጋ ደረሱ፤ ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ይዘው ቦዩን ተሻገሩት። የራሳቸውን፣ ተሾምዬ! የራሳቸው ሸተታቸው!

ሄጄ አናገርኳቸው። “ልጄ፣ ጎርፍ ነው፤ የእግዜር ውሃ ማንን ይሰማል?” አሉኝ። እድር ስብሰባ ላይም አነሳሁት። ያ ሁሉ ሰው ያውቃል፤ ያ ሁሉ ሰው አፍንጫ አለው፤ ያ ሁሉ ሰው መሬት መሬት አየ። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠራርጎ ስለ ድንኳኑ ማውራት ጀመረ። ስንወጣ ግን አንዱ በዚህ፣ አንዷ በዚያ ነጠላዬን እየጎተቱ፣ “እውነትሽን ነው፣ በርቺ” ይሉኛል። በርቺ! ከቦዩ ይልቅ ይሄ “በርቺ” ነው የቀፈፈኝ።

ግድግዳው ከስር ጀምሮ ሻገተ። ቀለም ቀባሁት፤ በቀለሙ ላይ ደግሞ ጠቆረ። ብርዱና እርጥበቱ ተጋግዘው የህሊናን አስም ቀሰቀሱት። ስትተነፍስ ደረቷ ውስጥ ፉጨት ይሰማል፤ የሚነፋው መድኃኒት ከእጇ አልለይ አለ። ሐኪሟ፣ “ይሄ እርጥበት ለሷ ጥሩ አይደለም። ሞቃትና ደረቅ አገር ዘመድ ካላችሁ ይሻላት ይሆናል። አቧራም ጠላቷ ነውና ከመወሰንሽ በፊት ወስደሽ ሞክሪ” አለችኝ። ያኔ እህትህ ዘነበች ትዝ አለችኝ። ሐምሌ ላይ፣ ትምህርት እንደተዘጋ፣ ልጄን ይዤ ድሬ ወረድኩ።

እውነቱን ልንገርህ፤ ሙቀቱ አንተ እንደነገርከኝ አይደለም፣ ይብሳል። ከአውቶቡስ ስወርድ የምድጃ አፍ የተከፈተብኝ መሰለኝ። ቀሚሴ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ። ዝንቡ ከዓይን አይጠፋም፤ ከምሳ በኋላ ሰዉ ሁሉ ጫቱን ይዞ ተጋደመና ከተማው ሞተ። ከዘነበች ቤት ጀርባ ያለው ደረቅ አሸዋማ ወንዝም በፌስታል ተሞልቷል። ለካ ሰው የትም ያው ነው ብዬ ልመለስ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ህሊና ግን ከቀን ወደ ቀን ተለወጠች። ፉጨቷ ቀነሰ። ሳምንት ሳይሞላ ከጎረቤት ልጆች ጋር ግቢ ውስጥ ስትሮጥ ሰማኋት። እኔ ወጥ እያማሰልኩ ነበር፤ ማማሰያውን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ልጃችን ስትሮጥ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ደግሞ የሆነውን ስማ። የዘነበች ጎረቤት ፋጡማ በሯ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። ከመንገድ ማዶ የምትኖር አንዲት ወጣት እናት የልጅ ዳይፐር የታጨቀበት ፌስታል ይዛ መጣችና ወደ ወንዙ ወረወረች። ፋጡማ ቢላዋዋን አስቀምጣ ብድግ አለች። “አቦ አንቺ ልጅ! ምንድነው የጣልሽው?”

“ሁሉም ይጥል የለ እንዴ?” አለች ልጅቷ።

“ሁሉም ጋ ስደርስ ለሁሉም እነግራለሁ። አሁን ያየሁት አንቺን ነው። ወላሂ ወርደሽ ሳታነሺ ከዚህ አንላቀቅም!”

ሰዉ ከየበሩ ወጣ። እዚህ ቢሆን መጋረጃ ነበር የሚንቀሳቀሰው። እዚያ ግን አንዱ “ልክ ናት”፣ ሌላው “አንሺው አቦ” ይላል። ልጅቷ ፊቷ ቀልቶ ወረደችና ፌስታሉን ይዛ ወጣች። እኔ አሁን እስከ ዘላለም ይኮራረፋሉ ብዬ ስጠብቅ፣ በዚያው ቀን አመሻሽ የልጅቷን ሕፃን ፋጡማ አዝላው አየሁ። እናትየዋ አጠገቧ ተቀምጣ ስልኳን እያሳየቻት ይሳሳቃሉ።

ተሾምዬ፣ ቆሻሻ ሁለቱም ከተማ አለ። የቸገረኝ ቆሻሻው እንዳልሆነ ያን ዕለት ገባኝ።

ነሐሴ ላይ ተመለስን። ቤቱን ስከፍት የሻጋታው ሽታ ፊቴን መታኝ፤ ህሊና ገና ደጃፉ ላይ ሳል ጀመራት። በሦስተኛው ቀን ሰማዩ ጠቆረና አወረደው። በመስኮት ሳይ ቦዩ ቀለሙን ቀየረ። ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁና ጋሽ ወርቁ በር ላይ ቆምኩ። እንደ ፋጡማ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

“ጋሽ ወርቁ! ይውጡና ይዩት! ጎርፍ አይደለም፣ የእርስዎ ነው!”

በረንዳቸው ላይ ወጡ። ጋቢያቸውን ተከናንበዋል። “አንቺ ልጅ፣ ባልሽ ቢኖር እንዲህ ትሆኚ ነበር?” አሉኝ።

“ባሌ ቢኖር እርስዎስ እንዲህ ይሆኑ ነበር?” አልኳቸው።

አንቱ ማለቴን አልተውኩም፤ አፌን ግን መረረኝ። ከየመስኮቱ መጋረጃው ተንቀሳቀሰ። ከሰፈሩ ሁሉ የወጣው ባለ ሱቁ ሙደሲር ብቻ ነው። ፌስታል ራሱ ላይ አጥልቆ፣ የሱቁን አካፋ ይዞ መጣና አጠገቤ ቆመ። “እኔም አይቻለሁ ጋሼ፤ ቱቦውን ይዝጉት” አላቸው። ጋሽ ወርቁ ገብተው በሩን ደረገሙት። ከሙደሲር ሱቅ ዕቃ መግዛትም ከዚያን ቀን ጀምሮ ተዉ። ሙደሲር ግን ቦዩን እየጠረገ፣ “ተይው እህቴ፣ ጋሽ ተሾመ ስንቴ ጠርጎልኛል” አለኝ። ያን ጊዜ ብቻ ነው ያለቀስኩት።

ከቀናት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ሽማግሌዎች ናቸው። ከመካከላቸው “በርቺ” ያሉኝም አሉበት። ጋሽ ወርቁ ታርቀው ሊያስተካክሉ ነው ብዬ ደስ አለኝና ሻይ ጣድኩ። ሻዩን ይዤ ስመለስ ትልቁ ሽማግሌ፣ “ልጄ፣ ትልቅ ሰው በአደባባይ ማዋረድ ነውር ነው። አንድ ቃል ይቅርታ በያቸውና ይለቅ” አሉኝ።

“ቱቦውስ?” አልኩ።

“እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ቀስ ተብሎ ይታያል።”

ቆሜ አየኋቸው። የተቀመጡበት ሶፋ ሥር ያለው፣ የዚያን ቀን ጎርፍ የገባበት ምንጣፍ እስካሁን አልደረቀም፤ እግራቸውን ከፍ አድርገው ነው የተቀመጡት። ሻዩን ከነሳህኑ ወደ ወጥ ቤት መለስኩት። “የቤቴን ጭቃ ጠርጋችሁ ብትመጡ ኖሮ ይቅርታውን አስብበት ነበር” አልኳቸውና በሩን ከፈትኩ። እንግዳ እንዲህ ስሸኝ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ልቤ ግን ቀለለኝ።

ስለዚህ ልንሄድ ነው፣ የኔ ጌታ። ዕንቁጣጣሽ እንዳለፈ ህሊናን እዚያ ትምህርት ቤት አስገባለሁ። ዘነበች አንዱን ክፍል ለቅቃልናለች፤ የልብስ ስፌቴን የትም እሰራለሁ። ቤታችንን ሊከራዩ ለመጡት ባልና ሚስት ደላላው በዓይኑ እየጠቀሰኝ ስለ ቱቦው ነገርኳቸው። አመስግነው ሄዱ። ሌላ ባልና ሚስት መጡ፤ ለእነሱም ነገርኳቸው፤ እነሱ ተስማሙ። ሰውዬው ጎረምሳ ነው፤ “ግዴለም፣ እንተዋወቃለን” ብሎ ሳቀ። ይቅናው።

የከበደኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንተን እዚህ ትቼ መሄዴ። ትናንት መቃብርህ ጋ መጥቼ ነበር። ሣሩን ነቀልኩልህ፤ የነገርኩህን ሰምተህ እንደሆነ አላውቅም። ግንቦት በመጣ ቁጥር ለሙት ዓመትህ እመጣለሁ። ሰፈሩን አልፌ በቀጥታ ወዳንተ ነው የምመጣው።

ህሊና “የአባዬ ድምፅ እየጠፋኝ ነው” ብላ ሰሞኑን አለቀሰች። ሐምሌ ላይ ስንወርድ አሟት ጭኔ ላይ ተኝታ ስለሄደች ከመንገዱ ምንም አላየችም። አሁን መስኮቱ ጋ አስቀምጣታለሁ። አዋሽ ስንደርስ፣ አባትሽ እዚህ ወርዶ ፊቱን ይታጠብ ነበር እላታለሁ። ቁልቢ ስንደርስ፣ እዚህ ሬዲዮኑን ዘግቶ ያማትብ ነበር። ደንገጎን ወደ ድሬ ስንወርድ፣ ሙቀቱ ፊታችንን ሲመታን፣ አባትሽ እዚህ ሲደርስ ብቻውን ይዘፍን ነበር፤ ድምፁም አያምርም ነበር እላታለሁ። ትስቃለች። ሳል ሳያቋርጣት ስቃ እስክትጨርስ እጠብቅና፣ ሌላ እጨምርላታለሁ።

ያንተው ሰናይት