የታቀፈችውን ዶሮ ለበዓሉ ስላረዳችሁልን

መስከረም ፲፩ ቀን ፲፱፻፸፯ ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ዳኘው ላቀው
የአሥረኛው የአብዮት በዓል ዝግጅት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ቡሬ

ጓድ ሰብሳቢ፣ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ከበዓሉ ድካም በኋላ ጉልበትዎ ጠንቶ፣ የበሉትም ተስማምቶዎት እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በፍኖተ ሰላም የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ስሆን፣ በቡሬ ረግረግ ዳር ባለችው የወፍ ማራቢያ ይሠራ የነበረው የክንዱ ታናሽ ወንድም ነኝ። ይህን ደብዳቤ በእጅዎ መስጠት ሲገባኝ በገበያው ዋርካ ላይ መለጠፌ ከድፍረት ሳይሆን፣ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሚሆኑ ነው።

፩ኛ. የማራቢያውን አጥር ነቅላችሁ የበዓሉን ቅስት ስለሠራችሁበት እናመሰግናለን። ቅስቱ አምሯል። አጥር በሌለበት ውሻ ገብቶ ሴቷን ባለ ጉትያ ሽመላ በላት፤ እንግዲህ የቀረን ወንዱ ብቻ ነው። ዘውድ የደፋ ወፍ ለአብዮቱ ምን ይሠራል መባሉን ሰምቻለሁ። ዘውዱ ላባ መሆኑን በትሕትና አስታውሳለሁ።

፪ኛ. ይህች ወፍ ከአገራችን እየጠፋች ነው። ዕንቁላሏ ሲነሳባት ግን እንደገና ትጥላለች። ስለዚህ ወንድሜ የመጀመሪያዎቹን እያነሳ ለታቀፈች ዶሮ ይሰጥ ነበር። ሲፈለፈሉም ሰው እንዳይለምዱ ግራጫ ጋቢ ተከናንቦ፣ እጁን እንደ ሽመላ ራስ በሰፋው ካልሲ ሸፍኖ ያበላቸዋል። መንደርተኛው ሲስቅበት አብሮ ይስቅ ነበር። እሱ ለግዳጅ ወደ ጦር ግንባር ስለሄደ፣ በዚህ ክረምት ሴቷ ሳትሞት ሁለት ዕንቁላል አንስቼ ከዶሮዋ ሥር ያደረግሁት እኔ ነኝ። የእርስዎ ሰዎች ለበዓሉ ዶሮ ሲሰበስቡ ይህችኑ ከዕንቁላሉ ላይ አነሷት። እናቴ ወይዘሮ አስካለ ማርያም ሌላ የሰባች ልስጣችሁ ብላ ብትለምን፣ «የታቀፈች ዶሮ አታሯሩጥም፣ እማማ» አሏት።

መስከረም ሁለት ረቡዕ ስለዋለ ገበሬው ወጡን ሳይነካ ጾሙን ወደ ቤቱ ተመለሰ። ኮሚቴው ብቻውን የመብላቱን ከባድ ኃላፊነት በብቃት ስለተወጣ እንኮራበታለን።

፫ኛ. ስለ ወንድሜ ቅሬታ የለኝም። የመርዶው ወረቀት በነሐሴ ደርሶናል። ማኅተሙ ጥርት ብሎ ይነበባል።

ጓድ ሰብሳቢ፣ ዶሮዋ ከተወሰደች ወዲህ ዕንቁላሎቹን ያቀፈችው እናቴ ናት። በመቀነቷ ደረቷ ሥር አስራቸው ትውላለች። ለቀስተኛ ልትቀበል ስትነሳ አንዱ ወድቆ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ለማንም አትነሳም፤ ልጇን ስታለቅስም ደረቷን አትመታም። ሴቶቹ ሐዘኗ ቶሎ ቀለለላት ብለው ያሟታል። እኔም ትምህርት ቤት ሊከፈት ስለሆነ መሄዴ ነው፤ ትቻት እንዴት እንደምሄድ ግን አላውቅም። እሷም እንቅልፍ ካሸነፋት ይህም ይሰበራል። ወንድሜ ከዚህ ሌላ የተወልን ነገር የለም። እባክዎ፣ አንዲት የታቀፈች ዶሮ ይስጡን። የከሳችም ብትሆን፣ የታመመችም ብትሆን፣ ብቻ ዛሬ ትሁን።

የከርሞውን በዓል በሙሉ ጤንነትና በመልካም የምግብ ፍላጎት እንዲያከብሩ ከልብ እየተመኘሁ፣ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

ታዛዥዎ
ቸኮለ ገደፋው

ማስታወሻ፦ ይህች አንዷ ከተፈለፈለች ከሁሉ አስቀድመን ከሰው መሸሽን እናስተምራታለን። ክንዱን ለግዳጅ የወሰዳችሁት ለስብሰባ ትፈለጋለህ ብላችሁ ነው፤ ስትጠሩት በእግሩ ነበር የመጣው።