ሠላሳ አምስቱ ወይስ ሃያ አራቱ ሌንስ

ሰኞ፣ ጥቅምት 6
ቀኑን ሙሉ ፎቶ ቤት፣ የፓስፖርት ፎቶ። ቀና በሉ፣ አይሳቁ፣ ቀጣይ። አመሻሽ ላይ በእግሬ ተመለስኩ። ሰው ሁሉ በእንቅልፍ ልቡ የሚራመድ ይመስል ነበር... ሁለት ሦስቴ አነሳሁ። ጨለማና ብዥታ ብቻ። የመንገድ ፎቶ ካማረኝ ሰፋ አድርጎ የሚያይ፣ በድንግዝግዝ የማይሰንፍ ሌንስ መግዛቴ ነው።

እማዬ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ዛሬም አልወጣችም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 8
ያገለገሉ ካሜራዎች የሚሸጡት ሰውዬ ጋ ሄድኩ። ሁለት ሌንስ ደረደሩልኝ፤ ሠላሳ አምስትና ሃያ አራት። ዙም የላቸውም፣ ብርሃን ግን እንደ ጉድ ያስገባሉ። ቁጥሩ ሲያንስ የሚያሳየው ይሰፋል።

"ሠላሳ አምስቱን ውሰጂ ልጄ። ዐይንሽ የሚያየውን ነው የሚያሳይሽ።"

"ሃያ አራቱስ?"

"እሱማ ያገኘውን ያግበሰብሳል። ሰዉን ጉንዳን ያሳክልብሻል።"

አምነው ሁለቱንም ለአሥር ቀን ሰጡኝ። ሞክሪያቸው ብለው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 10
የእማዬ ዐይን... ሐኪሙ "ከዳር ወደ መሐል እየጠበበ ነው" ካላት ሁለት ዓመት ሆነ። በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው ትላለች። ሲመሽ ደግሞ ይብሳል። ሰኔ ላይ አንድ ጋሪ ሳታየው ከገጫት ወዲህ ከደጅ ወጥታ አታውቅም። ስናወራ ዐይኗ ፊቴ ላይ ይንከራተታል፤ አንዴ ግንባሬን፣ አንዴ አገጬን። ለቃቅማ ነው የምታየኝ።

መንገዱ ይናፍቃታል፣ አትናገርም እንጂ። እዚያው ወንበር ላይ እንዳትቀርብኝ ፈራሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 11
በሠላሳ አምስቱ ስዞር ዋልኩ። ጨዋ ሌንስ። የወሰንኩ መሰለኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 16
ለይስሙላ ያህል ዛሬ ሃያ አራቱን ይዤ ወጣሁ። የዳቦ ሰልፍ፣ ብስክሌት ጠጋኙ፣ ፎቅ ላይ ልብስ የምትሰበስብ ሴት... ሁሉም ገቡ። ሰዉ አንሶ፣ መንገዱ ረዝሞ፣ ሕልም ውስጥ እንደሚታይ መንገድ። ሻጩ እውነታቸውን ነው፤ ጉንዳን!

ማታ ለእማዬ የካሜራውን ስክሪን አሳየኋት። ካሜራውን በሁለት እጇ ያዘችው።

"እማ? ምነው?"

"ጠጋኙ... ዳቦ ቤቱም... ያቺ ፎቅ ላይ ያለችውም... ሁሉም ባንዴ!"

ዐይኗ አልተንከራተተም። መንገዱ በሙሉ አንሶ፣ በቀረቻት ቀዳዳ ልክ ገብቶላት! የሠላሳ አምስቱን አሳየኋት። "ይሄ ዳር ዳሩን ቆርጦብኛል" አለች። አለቀሰች። እኔም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 17
ሃያ አራቱን ገዛሁ።

"ጉንዳኑን ወደድሽው?"

"ጉንዳኑን ነው የፈለግኩት።"

እሑድ፣ ጥቅምት 19
ወጣን! አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ። እማዬ ክንዴን ይዛ፣ ካሜራው አንገቷ ላይ። በየአሥር እርምጃው ትቆምና ስክሪኑን ታያለች። "ከግራ ጋሪ መጣብሽ!" ትለኛለች። እኔን ልትጠብቀኝ እኮ ነው! ሳቄ መጣ። ጠጋኙ ከሩቅ እጁን አወዛወዘ፤ "እትዬ! የት ጠፉ?" በስክሪኑ አየችውና እሷም አወዛወዘችለት።

ከዚያ "እስቲ እዚያ ቁሚልኝ" አለችኝ። ግድግዳው ጋ ቆምኩ። ካሜራውን ወደኔ አዞረች። ልታነሳኝ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። አላነሳችኝም። ዝም ብላ ስክሪኑን ታያለች... ከእግር እስከ ራስ... ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲያ አይታኝ አታውቅም።

"የኔ ልጅ" አለች፣ "እንዲህ ከስተሽብኛል እንዴ?"