ከኋላ ቢጠሩሽ

ይድረስ ለልጄ ለሕሊና። በአራስ ቤት የጠበቀችሽ የደረስጌ ማርያም በመንገድሽም አትለይሽ። እኛ ደህና ነን። ገብሱ ታጭዷል፣ ቡሬዋ ላም ወልዳለች፤ አባትሽም ጉልበታቸውን ቢያማቸውም ከቅዳሴ አይቀሩም።

ጨቅላሽን አመተ ማርያምን ይዘሽ በአውሮፕላን ልትመጪ መሆኑን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ወንድምሽ አንዱዓለም አውሮፕላን ላይ ቢላ ይዞ መግባት ክልክል ነው አለኝ። አራስ ብረት ሳትይዝ ከደጅ እንዴት ትወጣለች? አባትሽ ጸሎት ይበቃል ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ግን ያን ቀን አብረውኝ አልነበሩም።

አንቺን አዝዬ በቀትር ከወንዝ ስመለስ፣ የሞተችው እናቴ በራሷ ድምፅ ከኋላዬ፣ «ሸጊቱ፣ ልጅቷን አሳዪኝ» አለችኝ። ቢላዬን ጨብጬ፣ ሳልዞር ቤቴ ገባሁ። ድምፁ እስከ ደጃፉ ተከተለኝ።

ያችን ቢላ አልጣልኋትም። እስክትገቢ ድረስ እኔ ጨብጬልሽ እቀመጣለሁ። አውሮፕላኑ ሲወርድ ጆሮዋን እንዳያማት ጡት አጥቢያት። አመተ ማርያምን ሳሚልኝ፤ እግዚአብሔር በዓይነ ሥጋ ያገናኘን።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። መንገድ ላይ የእኔ ድምፅ ከኋላሽ ቢጠራሽ አትዙሪ። በሕይወት እስካለሁ የምጠራሽ ከፊትሽ፣ ደጃችን ላይ ቆሜ ነው።

እናትሽ ሸጊቱ፣ ከደባርቅ